የባውጁ ሁለት ጭረት

የባውጁ ጆሮ በሽታ ነበር እንጂ ጸጋ አልነበረም። ይህን የምለው ቀንቼባት አይደለም። ማለቴ ቀንቼባታለሁ፣ ግን በጆሮዋ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለሠራን ነው የማውቀው። አውቶቡስ ስንሳፈር አንድ ብሎን ከላላ እስክንወርድ ድረስ ፊቷ እንደተጨማደደ ነው። "ሊፌን፣ ያ ነገር አይሰማሽም?" ትለኛለች። "አይሰማኝም፣ እኔ ጤነኛ ነኝ" እላታለሁ። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ነበር። አንደኛውን ሾርባ ሲጠጣ ያፏጫል ብላ መለሰችው። ሁለተኛው ኮሽታ የሌለው ጥሩ ሰው ነበር፤ እሱን ለምን እንዳልፈለገችው ግን አልነገረችኝም። ሳታገባ ቀረች። ተራራ ላይ ያለች እናቷን ትጦራለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ በቃ፣ ሌላ ነገር አልነበራትም።

እኛ የሆውሊ መንደር ሰዎች ሳክስፎን ሠሪዎች ነን። ያኔ ጊዜው ደግ ነበርና በየጓሮው ይሠራል፤ አንዱ ቤት ቱቦ ያጎብጣል፣ አንዱ ይበይዳል፣ አንዱ ነሐሱን ይወለውላል። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ እስከ መቅደሱ ብትሄዱ መዶሻ ሳትሰሙ አሥር እርምጃ አትራመዱም። አለቃችን ሊያው ስምንት ሠራተኞች ነበሩት። ሌላው ቤት የሠራውን ሰብስበን ቁልፎቹን የምንገጥመውና የምናስተካክለው እኛ ነን። አንድ ሳክስፎን ሃያ ምናምን ቁልፍ አለው፤ ገና ሲገጠም ሰው ጣቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ማንኪያ መሳቢያ ይንጫጫል። ያን ጫጫታ ዝም የምታሰኘው ባውጁ ነበረች።

ከዶንግሺ ተራራ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስትመጣ መጀመሪያ ያስገቧት መወልወያ ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው አፍንጫውም ጆሮውም የነሐስ ብናኝ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቁልፍ አስተካካዩ ሽማግሌው ጋን ያለቀ ሳክስፎን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሳይነፋ ቁልፎቹን ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይቺ ልጅ የሩዝ ሳህኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ምን ታያለሽ?" አላት።

"ሦስተኛው ጣትዎ ስር ያለው ይጮኻል፣ አጎቴ።"

"ሁሉም ይጮኻል።"

"ሌሎቹ ጠፍ ጠፍ ነው የሚሉት። እሱ ግን ይንቀጠቀጣል።"

ጋን ሩዙን ትቶ ተነሣ ይባላል። እኔ አልነበርኩም። ጋን ግን ለማንም ብሎ ሩዙን ትቶ የሚነሣ ሰው ስላልነበረ ታሪኩን አምናለሁ። በማግስቱ ከጎኑ አስቀመጣት።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠፍ ጠፍ የሚል ቁልፍ ከስሩ ያለው ቡሽ አልቋል ማለት ነው፤ ቀጭን ቡሽ ወይም የሱፍ ቁራጭ ትለጥፉለትና በምላጭ ታሳሱታላችሁ። ሲጥ የሚለው ሞላው ነው፤ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። የሚንቀጠቀጠው ነው ክፉው። ቁልፉ የተበየደበት ቱቦ በዘንጉ ላይ ልል ሆኖ ይዋልላል። እሱን ዙሪያውን በፒንሳ ቀስ እያሉ መጭመቅ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ካበዛችሁት ይነክስና ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል፣ ካሳነሳችሁት እንደነበረው ነው። አንድ ቁልፍ ግማሽ ቀን ይበላል። ባውጁ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ምግብ ከምታነሣባቸው ሁለት ቀጫጭን የቀርከሃ እንጨቶች የአንዱን ጫፍ በጥርሷ ትነክስና ሌላውን ጫፍ ነሐሱ ላይ ታስነካዋለች፤ ድምፁ በጥርሷ በኩል ይገባላታል። "ዛሬስ ሳክስፎኑ ጣመሽ?" እላታለሁ። "ካንቺ ሾርባ ይሻላል" ትለኛለች ቀርከሃውን ሳታወጣ።

በእኛ መንደር ሥራውን የጨረሰ ሰው የራሱን ምልክት ይጭራል። ከታች ካለው ከትልቁ ቁልፍ መከላከያ ስር፣ ሰው ሳይፈታው በማያየው ቦታ፣ በመርፌ። አንዱ ክብ ያደርጋል፣ አንዱ ዓሣ፣ ጋን የቤተሰብ ስሙን ነበር የሚጽፈው። ባውጁ የመጀመሪያውን ሳክስፎን ብቻዋን ስትጨርስ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጭረቶች አደረገችበት። "ይህ ዕቃ ዓለምን ዞሮ ቢመለስ ያንቺ ነው፣ ስህተቱም ክብሩም" አላት ጋን። እኛ ዘንድ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሥራ ሲጠይቅ የሚባለው "ምልክትህ ምንድን ነው?" ነው። ምልክቱ ከተበላሸ ሰውየው ተበላሸ፤ ሌላ መንደር ሄዶ አሳማ ያርባ። ለዚህ ነው ባውጁ ሁለት ጭረቷን ስትጭር እጇን አጥባ የምትጭረው። ሀብቷም፣ ባሏም፣ ልጇም ያቺው ምልክት ነበረች።

እኔን እዚያ ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። ባሌ ወገቡን ታሞ በተኛ ጊዜ፣ ሁለቱ ሴት ልጆቼ ገና ትምህርት ቤት እያሉ፣ ሊያው ፊት ቆማ "እኔ አስተምራታለሁ፣ ካልቻለች እኔን ተቆጣኝ" አለች። አስተማረችኝም። የቆዳ መክደኛ መለጠፍ፣ ቡሽ ማሳሳት፣ ሞላ ማጠፍ ቻልኩ። ቱቦ መጭመቅ ላይ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አሥር ስጨምቅ አራቱ ይነክሳል። "ትቸኩያለሽ" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እቸኩላለሁ። ስወለድም በሰባት ወሬ ነው አሉ።

ጋን ከሞተ በኋላ ከሰሜን ጃፓን፣ ከበረዶው አገር፣ ኩዶ የሚባል ነጋዴ ከሊያው ጋር ሥራ ጀመረ። ለትምህርት ቤት ባንዶች ነበር የሚወስደው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ አናት ሲበሳ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ ይመጣል። ማሽኑ ሁሉ ይቁም ይላል፣ ማራገቢያው ሳይቀር። ከዚያ ሳክስፎኑን ጆሮው ሥር ይዞ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካል። አይነፋም፤ መንፋት ለማንም ይቻላል ይል ነበር። ከሁሉ በፊት ግን መከላከያውን በካቻቢቴ ፈትቶ ምልክቱን ያያል። ሁለት ጭረት የሌለበትን አያነሣውም። ሊያው ይህን ሲያይ ደስታው ፊቱ ላይ ይፈስሳል፣ እኔም እሷን በጎን እያየሁ "እኔስ?" እል ነበር። ያልኳችሁ ቅናት ይህ ነው።

አንድ ዓመት ኩዶ ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው ከዶንግሺ ሰው መጣ። የባውጁ እናት ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ባውጁ ያለቁትን ሃያ ስምንት ሳክስፎኖች በመደርደሪያ አሰልፋ፣ ያላለቁትን አሥራ ሁለት በጨርቅ ሸፍና ሄደች። ስትወጣ "አትንኳቸው፣ ሳልደርስ ከቀረሁ ሃያ ስምንቱን ብቻ ይውሰድ" አለች። ሊያው "እሺ፣ እሺ፣ አንቺ ብቻ እናትሽን" አላት። አውቶቡሱ ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ጨርቁን ገለጠው።

"ሊፌን፣ አንቺ ጨርሺያቸው።"

"አለቃ፣ አትንኳቸው ብላለች እኮ።"

"አርባ ብዬዋለሁ ለኩዶ። አንቺ እዚህ የተቀመጥሽው ወንበር ልታሞቂ ነው?"

ሁለት ቀን ሞከርኩ። ቡሹን ቀየርኩ፣ ሞላውን ዘይት ሰጠሁ፣ የሚንቀጠቀጡት ግን ይንቀጠቀጣሉ። ሦስት ቱቦ ጨምቄ ሁለቱን አስነከስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመወልወያው ማሽን ሥር ያለውን የግራሶ ጣሳ አመጣሁ። ነገሩ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ዘንጉን አውጥታችሁ ቱቦውን ወፍራም ግራሶ ከሞላችሁበት የላላው ይይዛል፣ ዝም ይላል። በእኛ አገር ሙቀት ጣት ስር እንደ ቅቤ ይሄዳል። ጋን "የሰነፍ ፒንሳ" ነበር የሚለው፤ ግራሶ ይዞ ያየውን ልጅ በካቻቢቴ እጀታ ጉልበቱን ይመታው ነበር። እኔ አሥራ ሁለቱንም ሞላኋቸው። ሊያው በአጠገቤ አለፈ፣ ጣሳውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ሄደ።

ሲያልቁ ምልክት ቀረ። የኔ ምልክት ትንሽ ቅጠል ናት። ቅጠል ብጭርበት ኩዶ እንደማያነሣው አውቃለሁ። መርፌውን ያዝኩና አሥራ ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ጭረት ጫርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሊያው ነው ያዘዘኝ ብዬ ብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬያለሁ፣ ግን አላዘዘኝም። ምን ቆርጦኝ ልዋሽ አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ኩዶ መጣ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ አርባውንም ጆሮው ሥር ይዞ ነካካ። አሥራ ሁለቱ ላይ ሲደርስ መርፌዬን ጨርቅ ውስጥ ጠቀለልኩ። "እነዚህ እንዲያውም ከሌሎቹ ጸጥ ያሉ ናቸው" አለ። ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ።

ባውጁ ከሁለት ቀን በኋላ ከተራራ ፕሪም በቅርጫት ይዛ ተመለሰች። መደርደሪያው ባዶ ነው።

"አሥራ ሁለቱንም ወሰዳቸው?"

"ወሰዳቸው።"

"ማን ጨረሳቸው?"

"እኔ።"

"ቱቦዎቹን ጨመቅሻቸው?"

"ጨመቅኳቸው" አልኳት።

ዓይኔን አላየችም፤ ፕሪም እየመረጠች ነበር። ትልቁን አንስታ ሰጠችኝ። "ጎበዝ፣ እጅሽ ተፈታ ማለት ነው" አለችኝ። በምን ምልክት እንዳለፉ አልጠየቀችም። ሰው የራሱን ስም ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብሎ የት ያስባል። ፕሪሟን በላኋት፣ ጣፋጭ ነበረች።

በዓመቱ መጨረሻ ወር፣ ለአዲስ ዓመት ቤት በሚጠረግበት ሰሞን፣ አሥራ ሁለቱ በሣጥን ተመለሱ። ከላይ የኩዶ ደብዳቤ አለ። ሊያው ጃፓን አገራችንን ትገዛ በነበረ ጊዜ የተማረ ስለነበረ ራሱ ነው እያነበበ የነገረን፣ ሻይ በምንጠጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ አቁሞን። በበረዶው አገር የትምህርት ቤት አዳራሽ ይቀዘቅዛል። ግራሶው ረግቶ ቁልፎቹ አንዴ ከተጫኑ አልነሣ አሉ። ልጆቹ ምድጃ ዳር ሲያሞቋቸው ደግሞ ቀልጦ ፈሰሰና የቆዳ መክደኛውን ሁሉ አበላሸው። አንዲት ልጅ ውድድር ላይ በሰው ፊት ቆማ አንድ ድምፅ ብቻ እያወጣች ቀርታ አልቅሳ ወርዳለች። ደብዳቤው ሲያልቅ እንዲህ ይላል፤ "የሁለት ጭረቱ ባለቤት ከእንግዲህ የኔን ዕቃ አይንካ። እሱ በቤትዎ ካለ እኔ የለሁም።" ኩዶ ሴት መሆኗን እንኳ አያውቅም ነበር።

ሊያው አንዱን ሳክስፎን አንስቶ መከላከያውን ፈታና ለባውጁ ሰጣት። እያወቀ ነው የሰጣት። ማን እንደጨረሳቸው እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሌላው ሰው ግን በየክፍሉ ስለነበረ ከመሄዷ በፊት የሠራቻቸው ይመስለው ነበር።

"ይህ ምልክት የማን ነው?" አላት።

ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ጥፍሯን ጭረቱ ላይ አስኬደች፣ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። አስተማሪ ተማሪውን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን እንደሚጠብቀው ነበር ያየችኝ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

"ምልክቱ የኔ ነው" አለች።

"በቃ?" አላት ሊያው።

"የጠየቅከኝ ምልክቱን ነው" አለችና ወንበሯ ላይ ተመልሳ የጀመረችውን ቡሽ ማሳሳት ቀጠለች።

 ሊያው ፊት ለፊት የሚናገር ሰው አይደለም፣ ዶሮ የሚያናግር ሰው ነው። በዓመቱ መጨረሻ አለቃ ለሠራተኛው ግብዣ ሲያደርግ ሙሉ ዶሮ ከነጭንቅላቱ ይቀርባል፤ የዶሮው ጭንቅላት ወደ ማን ከዞረ ያ ሰው ከበዓሉ በኋላ አይመጣም ማለት ነው። አሁን አሁን ደግ አለቃ ጭንቅላቱን ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ ወይ ከነጭራሹ አስቆርጦ ያስመጣል። ከደብዳቤው በኋላ ያሉትን ስምንት ቀናት ሁላችንም ስለ ዶሮው ነበር የምናስበው። ወልዋዩ ወፍራሙ አቱንግ ሳይቀር "እኔ ዘንድሮ ዓሣ ብቻ ነው የምበላው" እያለ ያላግጣል፣ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። እኔ በቀን ሦስቴ አፌን እከፍታለሁ። ለሊያው ልነግረው እላለሁ፤ እሱማ ያውቃል። ለሰዎቹ ልነግራቸው እላለሁ፤ ባሌ እንደተኛ ነው፣ ትንሿ ልጄ ልትዳር ነው፣ የሰው ምልክት የጫረችን ሴት ደግሞ ሆውሊ ውስጥ መጥረጊያ እንኳ አያስይዟትም። አፌን መልሼ እዘጋለሁ።

በግብዣው ቀን ባውጁ ከኔ ቀጥሎ ተቀመጠች፣ እንደ ሁልጊዜው። ጠረጴዛው ክብ ነው፣ ሾርባው መጣ፣ የአሳማ እግሩ መጣ። ከዚያ የምግብ ቤቱ ሴትዮ ዶሮውን ይዛ መጣችና ቦታ ስላጣች ሁለት ሳህን ገፍታ አስቀመጠችው። ጭንቅላቱ እኔን አየ።

 እኔ እንደዚያ ቀን ጆሮዬ ተከፍቶ አያውቅም፤ የሾርባው እንፋሎት ሁሉ ይሰማኝ ነበር። በቃ፣ ሰማይ ፈረደ አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአንዲት አፍታ ቀለል አለኝ።

"ኧረ ይቺ ሴትዮ አስተናጋጅነት የት ነው የተማረችው" አለ ሊያው እየሳቀ። አመልካች ጣቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አድርጎ ገፋው። አንድ ጋት ብቻ። ጭንቅላቱ ከኔ ወደ ባውጁ ዞረ። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ "ጠጡ እንጂ፣ ዓመቱ ደህና ነበር" አለ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ሳህኑን በአንድ ጣት መልሶ ለመግፋት ቃል እንኳ አያስፈልግም ነበር። እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ቅርብ ነበር። ትንፋሼን አወጣሁ። ባውጁ ስትሰማኝ አየኋት፤ እሷ የማትሰማው ነገር የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል፣ ወይ ተነሥቶ ይሄዳል። ባውጁ ቀርከሃዎቿን አንስታ የዶሮውን ጭንቅላት ከአንገቱ ለየችውና የራሷ ሳህን ላይ አደረገችው። በላችው። ጉትዬውን፣ ጉንጩን፣ ሁሉንም፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ጠርዝ ላይ እየደረደረች። ማንም ሌላ ነገር አልነካም። ስትጨርስ አፏን ጠረገችና ሊያውን "አለቃ፣ ጣፋጭ ነበር፣ አመሰግናለሁ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ብዪ እንጂ ሊፌን፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

አዲስ ዓመት መጣ። እኛ ዘንድ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ወዳጁ ቤት እየሄደ መልካም ምኞት ይላል፣ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሳላቋርጥ እሷ ቤት ሄጃለሁ። ያን ዓመት ልጄ አሞኛል አለች ብዬ ቀረሁ። ልጄ አላመማትም። ፋኖስ የሚሰቀልበት በዓል እስኪያልፍ ድረስ በእሷ ቤት በኩል የሚያሳልፈውን መንገድ ትቼ በቦዩ በኩል እዞር ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ሊያው ወንበሯን ለኔ ሰጠኝ። ለኩዶም ጻፈለት፤ ባለ ሁለት ጭረቱ ተባርሯል፣ አሁን ያለችው ባለ ቅጠል ናት ብሎ። ባውጁ አምስት ቤት ሥራ ጠየቀች። አምስቱም ምልክቷን ጠየቋት፣ እሷም ነገረቻቸው፣ እነሱም ሻይ አጠጥተው ሸኟት። መንደሩ እንደሆነ ወሬ አያድርም። መጀመሪያ የወልዋዮቹ ልጆች ናቸው "እትዬ ግራሶ" ያሏት፣ ከዚያ ሁሉም። አትክልት ገበያ ሳይቀር "ለእትዬ ግራሶ ጎመን መዝኑላት" ይባል ጀመር። እሷ ጎመኗን ይዛ ትሄዳለች። እኔ ያን ስም ስሰማ ወደ ሌላው ተራ እዞራለሁ። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቤቷ ያመጣቻትን እናቷን ለመጦር ከመንደሩ ዳር ባለው የሊሊ አበባ ማሸጊያ ውስጥ ተቀጠረች።

እኔም ቱቦ መጭመቅ ቻልኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ፣ ያ ወንበር የማን እንደነበረ ስታውቁ፣ መቸኮል ትተዋላችሁ። ኩዶ በሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ቅጠሌን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ "ጥሩ ነው" አለ። ሊያው ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ ወደ ሽንት ቤት ሄጄ ትንሽ ቆየሁ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ቀን ወደ አበባው ማሸጊያ ሄድኩ። ባውጁ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ የሊሊ ግንድ በእኩል ትቆርጣለች። ጣቶቿ ከአበባው ብናኝ ቢጫ ሆነዋል። አየችኝ፣ መቁረጧን አላቆመችም።

"ቁሚ እንጂ ቁጭ አትበዪ፣ ወንበሩ እርጥብ ነው" አለችኝ።

"ባውጁ፣ ያን ጊዜ ምልክቱን…"

"አንቺ ነሽ የጫርሽው።"

"ታውቂ ነበር?"

"እኔ ጭረቴን ከታች ወደ ላይ ነው የምስበው፣ መርፌው ሲወጣ ጫፉ ይቀጥናል። ያንቺው ከላይ ወደ ታች ነው። በጥፍሬ ሳስኬደው ያዘኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን የኔ አይደለም አላልሽም?"

መቁረጫውን አስቀመጠች። "የኔ አይደለም ብል አንቺን መጠቆሜ አይደል? አንቺን ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። እኔ እንዳልጠቁምሽ ብዬ፣ አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። ዶሮውም ሲዞር ጠበቅኩሽ። ከዚያም ቤቴ ጠበቅኩሽ። እስከ ፋኖስ በዓል በሬን አልዘጋሁም። እናቴ በብርድ ልትገድይኝ ነው እያለች ስትጮህ፣ እንግዳ አለብኝ እላት ነበር።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ አላለቀሰችም። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች፣ እንዲያው ለራሷ።

"ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።"

"እኔ ይቅር ብልሽ ምን ይሆናል? ገበያ ስሄድ የሚጠሩኝ ባንቺ ግራሶ ነው። እኔን አትንገሪኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገሪ። ነገ ሻይ ሲጠጡ፣ ሁሉም ባሉበት፣ አንድ ጊዜ። ሥራውንም ወንበሩንም አልፈልግም። ስሜን ብቻ መልሺልኝ።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኳት። "በልጆቼ እምላለሁ፣ ነገ።"

"በልጆችሽ አትማዪ" አለችኝ። ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር ለቀቅ ሲል አየሁ። አምናኝ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ያልፈካ ሊሊ መርጣ ሰጠችኝ።

በማግስቱ በአራት ሰዓት ሻይ ቀረበ። ሁላችንም ነበርን፣ ሊያውም ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። መንገድ ላይ ስመጣ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፣ አጭር ነበር፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። አፌን ከፈትኩ። ያኔ አቱንግ ኩርሲው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ጀመረ።

"ትናንት በአበባው በኩል ሳልፍ እትዬ ግራሶን በብስክሌት አየኋት" አለ። "ሰንሰለቱ ኮሽ እንኳ አይልም። ምን ቀብታው ይሆን?"

ሁሉም ሳቁ። ሊያውም በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ።